ለደምበል ፀሐይ ማስረጃ ስፈልግ

ፀሐይ ለመኖሯ ማስረጃ አምጣ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ተብያለሁ። ያውም በደምበል።

ደምበልን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ከጅግጅጋ ወደ ሰሜን ተጉዛችሁ፣ አቧራውን ጠጥታችሁ፣ ሹፌሩ ደርሰናል ሲላችሁ ለመውረድ የምታመነቱባት ከተማ ናት። የምታመነቱት ከተማዋን ጠልታችሁ አይደለም። ከመኪናው ጥላ መውጣት ስለሚከብዳችሁ ነው። እዚያ ከተማ ፀሐይ አለች ብሎ ማስረዳት ለጉንዳን ስለ ስኳር እንደ መስበክ ነው። እኔ ግን ጥያቄ ሰምቼ እጄን ሳላወጣ የማልቀመጥ ሰው ነኝና አወጣሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን ተማሪዎቼ በሹክሹክታ፣ ባልደረቦቼ ደግሞ ጮክ ብለው ይነግሩኛል።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ የተቆፈረ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አለ። ውሃው ተገኝቷል፤ ውሃውን የሚስብ ኃይል ግን ስላልተገኘ አፉ በብረት ክዳን ታሽጎ ተቀምጧል። እስከዚያው የምንጠጣው በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነው። ቦቴው ይመጣል ሲባል ይቀራል፤ ቀረ ሲባል ይመጣል። በቀረ ቀን የሴት ተማሪዎቼ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ የምትመልሰው የስምንተኛ ክፍሏ ደቃ፣ አህያዋን እየነዳች ሩቅ ወዳለ ኤላ፣ ማለትም በእጅ ወደሚቀዳ ጉድጓድ፣ ትሄዳለች። እናቷ በትምህርት ቤቱ በር ሻይ ትሸጣለች፤ ሁላችንም ኤዶ ሮዳ እንላታለን፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አንድ ቀን ስለ ልጇ መቅረት እንደ ኃላፊ ቆፍጠን ብዬ ጠየቅኳት።

«መዓሊን፣» አለችኝ፤ አስተማሪ ማለቷ ነው። «ውሃ ከሌለ ሻይ የለም። ሻይ ከሌለ ደብተር የለም። ይህን ሰሌዳህ ላይ አስላው።»

አሰላሁት። የሚሰላ ነገር አልነበረውም።

ታዲያ ከጅግጅጋ አንድ ደስ የሚል ወሬ መጣ። ጉድጓዶችን በሶላር የሚያስነሣ ሥራ ተጀምሯል፤ ጠያቂው ከተማ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚያገኝ አስልቶ፣ ስሌቱንም በትንሽ ሙከራ አረጋግጦ ያቅርብ ተባለ። ርዕሰ መምህራችን ሙክታር ለሥልጠናው አንድ ሰው ላክ ሲባል እኔን መረጠ። ምክንያቱንም አልደበቀኝም፤ ሳምንት ሙሉ ጸጥታ ፈልጎ ነበር።

ሥልጠናው ላይ ልቤ የተነካው የከባቢ አየር ሞዴል በሚባለው ነገር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከፀሐይ የተነሣ ብርሃን እኛ ጋ ሲደርስ አየሩን አልፎ ነው። አየር ማለት ማጥለያ ነው። የውሃ ተን ትንሽ ያስቀራል፤ አቧራ ትንሽ ይበትናል፤ ኦዞን ድርሻውን ያነሣል፤ ደመና ከመጣ ደግሞ ድርሻ ብሎ ነገር የለም፣ ቀማኛ ነው። ለኮምፒውተሩ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ወሩን፣ የአቧራውን መጠን ስትነግሩት፣ ከዚህ ሁሉ ተርፎ መሬት ምን ያህል እንደሚደርስ ይነግራችኋል። ይህን ሁሉ ለሙክታር በቢሮው፣ በኮሪደሩ፣ በመጨረሻም ሞተር ሳይክሉን እያስነሣ ሳለ አስረዳሁት።

«እና ኮምፒውተሩ ደምበል ፀሐይ አላት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ብሏል፤ ግን—»

«ግን የሚለውን ለጅግጅጋ ጻፍላቸው፣» ብሎኝ ሄደ።

ለሙከራው ሁለት ፓኔልና አንዲት ትንሽ ፓምፕ ተሰጡን። ፓምፗ ከአጥሩ ውጭ ካለው ብርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ፣ ውሃ እየሳበች በብረት ማማ ላይ ወደተቀመጠ ሮቶ ትልካለች። ባትሪ የለም። ፀሐይ ስትበረታ ፓምፗ ትበረታለች፤ ስትደክም ትደክማለች። ስለዚህ ሮቶው የሚሞላበት ሰዓት ሞዴሉ እውነት መናገሩን ያሳያል። ሞዴሌ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላል አለ።

ፓኔሎቹ ግን ውጭ ማደር አልቻሉም። ዘበኛችን እነሱ ውጭ ካደሩ እኔም ነቅቼ ላድር ነው ወይ ብሎ ተቆጣ፤ ጥያቄው ፍትሐዊ መሰለን። የሚገፋ ነገር ስንፈልግ ከጤና ጣቢያው የተጣሉ ዕቃዎች መካከል አንድ ባለ መንኮራኩር የሕመምተኛ አልጋ አገኘን። ከግርጌው እጀታ አለው፤ እጀታውን ስታዞሩት ራስጌው ቀና ይላል። የከተማው ብረት በያጅ ፓኔሎቹን ከነብረታቸው አስተኛልን። አልጋው በዘመኑ ስንት በሽተኛ እንዳስተኛ አላውቅም፤ ሐኪም ፀሐይ ያዘዘለት ግን የእኛው ይመስለኛል።

በስልኬ ኮምፓስ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞርኩ። ራስጌውን ስሌቱ እንደሚለው ጥቂት ቀና አደረግሁ። የአራቱን እግሮች ቦታ በኖራ አሰመርኩ። ጠዋት ጠዋት ከመጋዘን አውጥቼ መስመሩ ላይ አቆመዋለሁ፤ ማታ እመልሰዋለሁ። በመካከል ክፍል ነኝ፤ ብርካውም ከክፍሎቹ ጀርባ ነውና አይታየኝም። ቢሆንም በምሳ ሰዓትና ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ አየዋለሁ። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው አዴር ጃማ ነው፤ አዴር አጎት እንደ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታውን ምንጣፍ ላይ የሚያሳልፍ ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቴርሞሳቸውን ይዘው ይውሉ ነበር። ሰው መጣልኝ ብዬ ስለ ውሃ ተኑ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ኦዞኑ ሁሉንም ዘረዘርኩ። በጽሞና አዳመጡኝ። አዴር ጃማ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

«ይህ ዕቃ ፀሐይ ይወዳል?»

«ይወዳል እንጂ አዴር፣ ምግቡ ነች።»

«እኛ ደግሞ አንወድም፣» አለና ጓደኞቹን አየ። «እንግዲያው አንጣላም። እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ።»

ለቁም ነገር የመጣ ሰው ለቀልድ እንደሚስቀው ሳቅሁለትና ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ተሻገርኩ። አልጋው ከኖራው መስመር ውጭ እንዳይገኝ አልኩ። አዴር ጃማ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከመስመሩ ውጭ አታገኘውም አለኝ። ቃሉን ጠብቋል፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

በዚያው ቀን የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ሳለ ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። የከተማው ፍየሎች ሁሉ ማን እንደ ጠራቸው እንጃ ደርሰዋል። ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም።

ሌላ ሰው ቢሆን ውሃ በጊዜ ሞላ ብሎ ይደሰታል። እኔ ታመምኩ። ስሌቴ ተሳስቷል ማለት ነው። ሮቶውን ለካሁ፤ ልክ ነው። ከፍታውን እንደገና አስገባሁ፤ ልክ ነው። በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ ወደ አልጋው ሄድኩ፤ አራቱም እግሮች ኖራው ላይ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ለሶላት ምንጣፋቸውን እየጠቀለሉ ነበርና ሰላም አልተባባልንም አልልም፤ ተባባልን። ከትምህርት በኋላም ስሄድ አልጋው መስመሩ ላይ ነው፣ እነሱም ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው።

የቀረኝ ተጠርጣሪ አየሩ ብቻ ሆነ። ሞዴሉ የአካባቢው አየር አቧራ አለው ይላል፤ ምናልባት ባይኖረውስ? ለማረጋገጥ ነጭ መሐረቤን አጥሩ ላይ ሰቅዬ አዋልኩት። ማታ ሳወርደው የቡና ቀለም ይዟል። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን አቧራው መሐረቡ ላይ ከሆነ ሰማይ ላይ አይደለም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለጥንቃቄ ያህል ኤዶ ሮዳን የከሰል ምድጃዋን ራቅ እንድታደርግ ለመንኳት፤ ጭሱ ከባቢ አየሩን ይለውጠዋል አልኳት።

«ውሃው ከታሰበው በላይ ሞላ አላልክም?» አለች።

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ጭሱ እየረዳህ ነው፣» ብላ ማራገቧን ቀጠለች።

በመጨረሻ ታላቁ ግኝቴ ላይ ደረስኩ። የደምበል ሰማይ ከሌላው ሰማይ ሁሉ የጠራ ነው። ለዚህም «የደምበል ማስተካከያ» የሚል ማባዣ ፈጠርኩ፤ የሞዴሉ ውጤት በእሱ ሲባዛ ከሮቶው ጋር ቁጭ ይላል። ሙክታር ሳያነብ ማኅተም መታበትና ለጅግጅጋ ላከው። ወሬው ግን ከማኅተሙ ፈጠነ። የአይሱዙ ሹፌሮች ጅግጅጋ ሲደርሱ የከተማውን ሰው «ሰማያችሁን እጠቡ» ይሉ ጀመር። ደምበል ውስጥ ደግሞ አንድ ባለ ሻይ ቤት ቤቱን «ጥሩ ሰማይ ሻይ ቤት» ብሎ ሊሰይም ቀለም ገዛ። እኔም በመንገድ ሳልፍ ሰማዩን የሠራሁት እኔ የሆንኩ ያህል አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ፤ በደምበል ቀትር አንገት ቀና ማድረግ ዓይን እንደሚያጠፋ እያወቅሁ።

በዚህ መሐል ስሌቱን የሚያጣሩ መርማሪዎች ከጅግጅጋ መጡ። መሪዋ ኢንጂነር ኢፍራህ የምትባል፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ወጣት ናት። ገና እንደ ደረሰች የመጣችበትን ነገረችን። በእኔ ማስተካከያ ከተሄደ ለጉድጓዱ ጥቂት ፓኔል ይበቃል። ማስተካከያው ስህተት ከሆነ ግን በጥቂት ፓኔል ጉድጓዱ አይነሣም፤ ስለዚህ ዛሬ ሮቶው እኔ ባልኩት ሰዓት፣ ማለትም እስከ ዘጠኝ፣ ካልሞላ በሌላውም ቁጥራችን ስለማትተማመን ተራው ለሚቀጥለው ከተማ ይሰጣል። በአጭሩ ኤዶ ሮዳ የሻይ ውሃዋን፣ ደቃ ክፍሏን የሚያገኙት በእኔ ማባዣ ሆነ። እኔም ይሞላል ብዬ አረጋገጥኩላት። እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፤ ወደፊትም አልሆንም።

ሙክታር ቦታውን ለእንግዳ ሲያሰናዳ ነበር። ከአልጋው በስተምሥራቅ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል። ሽማግሌዎቹንም በአክብሮት ለዛሬ ቦታ ልቀቁልን ብሏቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሄደዋል። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነው። አልጋው ከጠዋት ጀምሮ መስመሩ ላይ ፍንክች አላለም።

እኩለ ቀን ላይ ሙክታር ማማውን ወጥቶ ሮቶውን በጠጠር አንኳኳ። ድምፁ ባዶ ቤት ይመስላል። ገና ነው አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ አንኳኳ። ገና ነው አልኩ፤ ለእንግዶቹም ስለ ኦዞን ነገርኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ እየቀጠነ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጡት መሰለ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ስለ ኦዞን የቀረኝ ነገርም የለም።

ኢንጂነሯ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«መምህር፣ ሞዴሉ ትክክል ነው። ሮቶው አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላል። የተሳሳተው ያንተ ማስተካከያ ነው። የደምበል ሰማይ እንደ ማንኛውም ሰማይ ነው።»

አያችሁ፣ ትክክል የነበረውም የእኔ ስሌት ነው፤ አስተካክዬ ነው ያበላሸሁት። ይህን ልነግራት ብዬ ወረቀቶቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ሙክታር ጫማውን ያያል። ኤዶ ሮዳ ቴርሞሷን ይዛ ቆማ ነበር፤ እኔን አላየችኝም፤ ያየችው የጉድጓዱን የብረት ክዳን ነው። ከዚያ ለእንግዶቹ ሻይ ቀዳች። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ በድንኳኑ ሥር ገባችና ኢንጂነሯ ፊት ላይ አረፈች። ኢንጂነሯ በአንድ እጇ ዓይኗን ከልላ በሌላው ሻይዋን ያዘች። ይህን አዴር ጃማ ከግድግዳው ሥር አየ። በደምበል ብዙ ነገር ይቅር ይባላል፤ እንግዳ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ማየት ግን ይቅር አይባልም። ከነጓደኞቹ ተነሣ። እንደ ለመደ ሠራተኛ፣ ሁለቱ ራስጌውን ያዙ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ገመዱን አላላ፣ አዴር ጃማ እጀታውን ማዞር ጀመረ።

«አዴር፣ መስመሩ፣ መስመሩ!» ብዬ ጮኽኩ።

«መስመሩ የትም አይሄድም፣» አለኝ ዞር ሳይል። «ስንጨርስ እንመልሰዋለን።»

«እንደ ሁልጊዜው፣» አለ ጓደኛው።

አልጋው ተንሸራተተ፤ ራስጌው ቀና አለ፤ ፓኔሎቹ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አዩዋት። ሰፊ ጥላ በኢንጂነሯና በወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ወዲያው ቧንቧው አንዴ አስነጠሰ፤ ከዚያ እንደ ጎረምሳ ክንድ የወፈረ ውሃ ሮቶው ውስጥ ሲዘረገፍ ተሰማ።

ኢንጂነሯ ፀሐይዋን አየች፣ ፓኔሉን አየች፣ የተቀመጠችበትን ጥላ አየች። ከአዴር ጃማ ጋር በሶማሊኛ ብዙ ተነጋገሩ፤ እሱ በእጁ ምሥራቅን ያሳያል፣ ምዕራብን ያሳያል፣ መስመሩን ያሳያል። በኋላ እንደ ተረጎመችልኝ፣ በየቀኑ እኔ ክፍል ስገባ ጥላው ሰፋ እንዲልላቸው አልጋውን ወደ ፀሐይዋ ያዞራሉ፤ ፀሐይዋ ስትሄድ ይከተሏታል፤ ከሶላት በፊትና ወደ ቤት ሲሄዱ ወደ መስመሩ ይመልሱታል። ይህን ስሰማ ፊቴ ምን እንደ መሰለ አላውቅም፤ አዴር ጃማ ግን ቅር አለው።

«ምን ሆንክ መዓሊን? ስትመጣ በቦታው አታገኘውም ነበር? እኛ የሰው ዕቃ ተውሰን ሳንመልስ ቀርተን እናውቃለን?»

ከዚያ የማስረዳቱ ተራ የኢንጂነሯ ሆነ። ማስረዳት ለሚወድ ሰው እንደ መስማት ያለ ቅጣት የለም። ጥላው በጣም የሚሰፋው ፓኔሉ ፀሐይዋን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ሲያይ ነው፤ ብርሃንም በጣም የሚበላው ያኔ ነው። ስለዚህ የጠራው ሰማዩ አልነበረም፤ ሮቶው በጊዜ የሞላው ቀኑን ሙሉ የፓኔሉን ፊት ከፀሐይዋ ጋር የሚያዞር ሰው ስለ ነበረ ነው። አንዱ መምህር ባልደረባዬ ሽማግሌዎቹን ለካ ሳይንቲስት ናችሁ ብሎ ሊያሞግሳቸው ሞከረ። አዴር ጃማ ግን ሙገሳውን በእጁ መለሰው። ለውሃው ብለው እንዳላደረጉት፣ እንዲያውም ሮቶው በጊዜ እየሞላ ሲፈስ ምንጣፋቸውን እንዳበላሸባቸው ነገረን።

እኔ በዚያች ሰዓት ያስታወስኩት አባቴን ነው። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ አባቴ ጠዋት በርጩማውን ይዞ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል፤ ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል እሱም ፈቀቅ ይላል፤ ለምሳ ሲጠራ ከግቢው ማዶ ነው የሚገኘው። ፀሐይ የሚያሳድድ ሰው ያሳደገኝ ልጅ፣ ጥላ የሚያሳድዱ ሰዎች በየቀኑ ሰላም እያሉኝ ሳያቸው ሰማይ ላይ አንጋጥጬ አቧራ እፈልግ ነበር።

ኢንጂነሯ ፍርዷን ተናገረች። የደምበል ማስተካከያ ይሰረዝ። የመጀመሪያው ስሌት ይጽደቅ፤ የተሳሳተ ቁጥር አልነበረበትምና። ተራውም ከደምበል አይነሣም፤ የሚመጡት ፓኔሎች ግን በሚዞር ብረት ላይ ይተከሉ። የሚያዞራቸው ሰው ይቀጠር ይሆን ስትል አዴር ጃማ ጣልቃ ገባ።

«ለመቀመጥ ደመወዝ? እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አይደለንም ልጄ።»

ሙክታር ሳል ያዘው። እኔም ያዘኝ።

የብረት ክዳኑ ከተነሣ ቆየ። ቦቴው ቢመጣም ቢቀርም አሁን የሚጠይቅ የለም። ደቃ ከክፍል አትቀርም፤ እንዲያውም ጥያቄዬን ከመጀመሬ በፊት መመለስ ስለ ጀመረች ትንሽ እየከበደኝ ነው። ሻይ ቤቱ ስሙ ሳይሰረዝ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሳይንስ አልሰማም ብሏል። አባቴ ሲደውል እዚያ ፀሐይ ታሳድዳለህ አሉ ብሎ ይስቅብኛል። አይ አባዬ፣ የምታሳድደኝ እሷ ናት እለዋለሁ።

እውነቴን ነው። አዲሶቹ ፓኔሎች ጥላቸው አዳራሽ ያህላል። ኤዶ ሮዳ ምድጃዋን ወደዚያ አዛውራለች፤ በዕረፍት ሰዓት መምህራኑ፣ ሙክታርም ጭምር፣ እዚያ ነን። ቦታ የሚያዘው ግን በዕድሜና በቅድሚያ መጥቶ በመቀመጥ ነው። መካከሉ የአዴር ጃማና የጓደኞቹ ነው። እኔ ከሁሉም በዕድሜ አንሳለሁ፤ የመጣሁትም ከሁሉም ኋላ ነው። ስለዚህ ድርሻዬ ዳር ነው፤ ጥላው መጀመሪያ የሚለቀው ቦታ። ስለ ኦዞን አንድ ነገር ልጀምር አፌን ስከፍት ትከሻዬ መጋል ይጀምራል፤ አዴር ጃማም ሻይውን ሳያስቀምጥ ይጠራኛል።

«ተነሣ መዓሊን፣ ፀሐይህ መጣች።»

ተነሥቼ የፓኔሎቹን የሚዞር ብረት እገፋለሁ።